«ላሰሬሽን» ሲተረጎም «የተቆረጠ ቁስል» ነው ወይስ «የተፈነከተ»?

ተርጓሚው (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ታዳሚዎች። ሥራዬ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሕክምና ማስረጃዎችን ለችሎት ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ሐኪሞቻችን የሚማሩትም፣ ማስረጃውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉትም በእንግሊዝኛ ሲሆን የፌዴራል ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ስለሆነ፣ ዳኛው የሚያነበው ሐኪሙ የጻፈውን ሳይሆን እኔ የመለስኩትን ነው።

ጥያቄዬ «ላሰሬሽን» (laceration) ስለሚለው የእንግሊዝኛ የሕክምና ቃል ነው። በየማስረጃው ይገኛል፤ በሥራው ላይ የቆየው ልማድም «የተቆረጠ ቁስል» ብሎ መመለስ ነው። ምሳሌ ልስጥ። አንድ ሰው በዱላ ተመታሁ ብሎ ይከሳል እንበል። ማስረጃው ከግራ ጆሮው በላይ፣ በራስ ቆዳው ላይ፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ላሰሬሽን መኖሩን ይገልጻል። በእኔ ትርጉም «የተቆረጠ ቁስል» የሚል ሲነበብ ተከራካሪው ወገን ተነሥቶ «ለመሆኑ ዱላ ይቆርጣል ወይ?» ቢል ምን መልስ አለኝ? በአንጻሩ ደግሞ ተከሳሹ ዱላ ብቻ ይዞ ሳለ «የተቆረጠ» የምትለው ቃል ቢላ እጁ ላይ ልታስይዘው ትችላለች። «የተቀደደ»፣ «የተተረተረ»፣ «የተሰነጠቀ»፣ «የተፈነከተ» የሚሉትን አማራጮች አስቤ ነበር። የሕክምና፣ የሕግና የቋንቋ ባለሙያዎች ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።

የፎረንሲክ ሐኪም

ጥያቄው በጣም ተገቢ ነው። ቃሉ «መቅደድ፣ መዘንጠል» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው፤ ለፍርድ ማስረጃ የሚሆኑ ጉዳቶችን በሚመረምረው በእኛ ሙያ፣ በፎረንሲክ፣ የሚሰጠው ፍቺም ከዚህ አልራቀም። ስለት የሌለው ነገር፣ ማለትም ዱላ፣ ድንጋይ፣ የመኪና አካል ወይም የሲሚንቶ ወለል፣ ቆዳን ሲመታው፣ ሲጨፈልቀው ወይም ሲጎትተው፣ ቆዳው ከሚችለው በላይ ተወጥሮ ሲቀደድ የሚፈጠረው ቁስል ላሰሬሽን ይባላል። ቢላ፣ ምላጭ ወይም የጠርሙስ ስባሪ የቆረጠው ቁስል ሌላ ስም አለው፤ እኛ «ኢንሳይዝድ ውንድ» የምንለው እሱን ነው። እንግዲህ «የተቆረጠ ቁስል» የሚለው ትርጉም የሁለተኛው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ሁለቱን ለመለየት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ስለት የቆረጠው ቁስል ዳርቻው የተስተካከለ ነው፤ በዙሪያው ያለው ቆዳ አይበልዝም፤ ውስጡን ከፈት አድርገው ሲመለከቱ ሥጋው፣ ደም ሥሩና ነርቩ ሁሉ በአንድነት ተቆርጦ ይታያል። ምት የቀደደው ቁስል ግን ዳርቻው የተጨፈለቀና የተላጠ ይሆናል፣ ዙሪያው ይበልዛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቁስሉ ሥር ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ተሻግረው ያልተበጠሱ ቀጫጭን ክሮች ይገኛሉ። ስለት እነዚህን ክሮች አያስቀርም፤ እነርሱን ማየት ከቻልን የመሣሪያውን ዓይነት በተመለከተ ትልቅ ምስክር አገኘን ማለት ነው። ፀጉር ባለበት ቦታ ደግሞ ፀጉሩን እንመለከታለን፤ ስለት ፀጉሩን አብሮ ይቆርጠዋል፣ ዱላ ግን ሥሩን ይጨፈልቀዋል ወይም ወደ ቁስሉ ውስጥ ያስገባዋል። አፈር፣ የእንጨት ስንጥርና የመሳሰለውም ውስጡ ሊገኝ ይችላል።

ችግሩ ያለው ጠያቂው በጠቀሱት ቦታ ላይ ነው። በራስ ቆዳ፣ በቅንድብ፣ በጉንጭ አጥንት፣ በአገጭና በቅልጥም ላይ ቆዳው ከአጥንት ጋር ተቀራርቦ ስለሚገኝ፣ በዱላ ሲመታ በሁለት ጠንካራ ነገሮች መካከል ተጨፍልቆ በቀጥታ መስመር ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ቁስል ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ልምድ ያለው ሐኪም ሳይቀር በማጉያ መነጽር ካላየው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከመተርጎምዎ በፊት የቃሉን ፍቺ ብቻ ሳይሆን ማስረጃው ስለ ቁስሉ ዳርቻና ጥልቀት የገለጸው ነገር መኖር አለመኖሩን እንዲመለከቱ እመክራለሁ።

የአማርኛ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

የዶክተርን ማብራሪያ ሳነብ «ይህማ ፍንክት ነው» አልሁ። አማርኛ ለቁስል ስም ሲያወጣ ቁስሉ ያለበትን ቦታና ያደረሰውን ነገር በአንድ ግሥ ይጠቀልላል፤ በዚህ ረገድ ቋንቋችን ከማስረጃ ቅጾቹ የበለጠ ጠንቃቃ ነው ባይ ነኝ። «ፈነከተ» ሲባል የተመታው ራስ ወይም ግንባር ነው፤ «እግሬን ፈነከተኝ» የሚል አማርኛ የለም። የመታውም ነገር ዱላ፣ ድንጋይ፣ በር ወይም የግድግዳ ጥግ ነው፤ «በምላጭ ፈነከተው» ቢባል ሰሚው ይስቃል። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው በሚገባ ይረዳኛል። ሩሯን ለመምታት የተነሣው ዱላ የሰው ግንባር ላይ ሲያርፍ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባልና ተፈንካቹ ራሱን በነጠላ አስሮ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ «ተቆረጠ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ዶክተርን ልጠይቅ። «በመጥረቢያ ፈነከተው» ሲባል እሰማለሁ። መጥረቢያ ስለት አለው፤ ታዲያ አማርኛው እዚህ ላይ ለምን ወደ ፍንክት አደላ?

ሌሎቹንም ባጭሩ ልጥቀስ። «ቧጨረ» የጥፍር ሥራ ነው። «ቦጨቀ» ሥጋን በጥርስ ይዞ መጎተትና መገንጠል ነው፤ ውሻ ሊነክስና ሳይቦጭቅ ሊለቅ ይችላል፣ ጅብ ግን ይቦጭቃል። «ሸረከተ» የሽቦና የእሾህ ነው፣ በፊት ላይ ሲሆን የምላጭም ይሆናል። «ተለተለ» ሥጋን ለቋንጣ እንደሚዘለዝሉት በብዙ መስመር መቆራረጥ ሲሆን ጅራፍ የደጋገመበት ጀርባም «ተተለተለ» ይባላል። ቆዳ ሳይከፈት መስመር ሠርቶ ካበጠ «ሰንበር»፣ ደም ከውስጥ ቋጥሮ ከጠቆረ «በለዘ»፣ ላይኛው ብቻ ከተነሣ «ተላጠ» ነው። «ወጋ» የሹል ነገር ነው፤ የጦርም፣ የበሬ ቀንድም።

የፎረንሲክ ሐኪም

መምህር፣ የመጥረቢያው ጥያቄዎ አስደስቶኛል፤ ምክንያቱም የፎረንሲክ መጻሕፍትም ያንኑ ቁስል ለብቻው አውጥተው ይመለከቱታል። መጥረቢያ፣ ገጀራና የመሳሰሉት ከባድ ስለታም መሣሪያዎች ሲያርፉ ቆዳውን ይቆርጣሉ፤ በክብደታቸው ደግሞ ዳርቻውን ይጨፈልቃሉ፤ ከሥር ያለውንም አጥንት ይሰብራሉ። ከሁለቱም ጠባይ የተቀላቀለ ቁስል ነው። ሕዝቡ «ፈነከተ» ያለው ክብደቱን ተመልክቶ ይመስለኛል። መጥረቢያው ዱልዱም በሆነ መጠን ቁስሉም ወደ ዱላ ቁስል ይጠጋል።

የበሬ ቀንድም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። ሹል ስለሆነ ይወጋል፤ ነገር ግን ስለት የሌለው ስለሆነ ሲገባ ቆዳውን ይቀድዳል፣ በሬው ራሱን ሲያነሣ ደግሞ ወደ ላይ ይተረትረዋል። መግቢያው ትንሽ ሆኖ ውስጡ ብዙ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከብት የወጋው ሰው በውጭ የሚታየው ቁስል ጠባብ ነው ተብሎ ችላ መባል የለበትም።

ነርስ (ድንገተኛ ክፍል፣ ጎንደር)

እኔ የምጨምረው አጭር ነው። የተፈነከተ ሰው ሲመጣ ደሙ ያስደነግጣል። በራስ ቆዳ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች በዙሪያቸው ባለው ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ ስለተያዙ ሲበጠሱ አይኮማተሩም፤ ስለዚህ ትንሽ ፍንክት ብዙ ይደማል። እኛ ደሙን ለማቆም እንጣደፋለን፤ እንጫናለን፣ እናጥባለን፣ ፀጉሩን እንላጫለን፣ ማደንዘዣ ወግተን እንሰፋለን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን እንሰጣለን። ፖሊስ የማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በካርዱ ላይ የሚገኘው «ላሰሬሽን፣ 6 ቦታ ተሰፍቷል» የሚል ብቻ ይሆናል። ዶክተር የገለጹአቸው ዳርቻውም፣ ክሮቹም፣ ፀጉሩም ከስፌት በኋላ አይታዩም። ሕይወት ማዳኑ እንደሚቀድም አያከራክርም፤ ነገር ግን ከመላጨታችንና ከመስፋታችን በፊት፣ ደሙ ጋብ ሲል፣ ሁለት መስመር ለመጻፍና ታካሚው ከፈቀደ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጎ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው።

ጠበቃ (ባሕር ዳር)

በሕጉ በኩል ያለውን ላስረዳ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳትን፣ በአንቀጽ 556 ደግሞ ቀላል የአካል ጉዳትን ይደነግጋል። ከባድ የሚያሰኘው ቁስሉ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጡ፣ ጤንነትን ለዘለቄታው መጉዳቱ፣ አካልን ማጉደሉ ወይም መልክን በሚያስቀይም ሁኔታ ማበላሸቱ እንጂ «የተቆረጠ» ወይም «የተፈነከተ» መባሉ አይደለም። ስለዚህ አንዳንድ ሰው እንደሚያስበው ቃሉ ብቻውን ክሱን ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ አያዛውረውም።

ይሁንና ተርጓሚው ያነሡት ሥጋት ከንቱ አይደለም። ክርክሩ የሚጦፈው በመሣሪያው ላይ ነው። አንቀጽ 556 ራሱ ጉዳቱ በመሣሪያ ሲደርስ ቅጣቱን ያከብደዋል፤ እርግጥ ነው ዱላም ጉዳት ሊያደርስ የሚችል መሣሪያ ሊባል ይችላል። ከዚያ በላይ ግን ዳኛ የምስክሮችን ቃል የሚመዝነው ከሕክምናው ማስረጃ ጋር እያስተያየ ነው። ሦስት ምስክሮች «በዱላ መታው» ብለው ማስረጃው «የተቆረጠ ቁስል» ካለ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ምስክሮቹን ሐሰተኛ ለማድረግ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። እኔ ራሴ በዚያ ወገን ብቆም የማደርገው ይኸንኑ ነው፤ ሥራዬ ነውና። ክርክሩን ሊያቆም የሚችለው ሐኪሙ በሙያ ምስክርነት ተጠርቶ ሲያስረዳ ነው፤ ሐኪሙ ግን እስከዚያ ድረስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ወይም ታካሚውን ረስቶት ሊሆን ይችላል።

አስተርጓሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ግን ልቃወም። እኔ በሆስፒታል ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች አስተረጉማለሁ። እዚህ በድንገተኛ ክፍል «ላሰሬሽን» የሚባለው ማንኛውም የተከፈተ ቁስል ነው ማለት ይቻላል። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቢላ የቆረጣት እናት በመውጫ ወረቀቷ ላይ «የጣት ላሰሬሽን» ተብሎ ይጻፍላታል። አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ክፍያ የሚያገለግለው የበሽታዎች መለያ ዝርዝርም ላሰሬሽንን ከመወጋትና ከመነከስ ይለያል እንጂ በቢላ የተቆረጠውን በዱላ ከተቀደደው አይለይም። እኔ ለእኚያ እናት «ጣትዎ ተቀድዷል» ብላቸው ይገረማሉ፤ «ተቆርጠዋል» ነው የምላቸው፣ ትክክልም ነኝ። እንግዲህ ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ የፎረንሲክ፣ ሌላው የድንገተኛ ክፍል። በኢትዮጵያ ያለ ጠቅላላ ሐኪም በየትኛው ፍቺ እንደጻፈው በምን ይታወቃል?

የፎረንሲክ ሐኪም

እኅቴ ያነሡት ተቃውሞ የነገሩ እምብርት ነው። በአገራችንም በድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ቃሉን የሚጠቀምበት አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ በገለጹት ልል ፍቺ ነው፤ የሚያስበው ስለ መስፋት ስለሆነ ቁስሉን ቢላ ይቁረጠው ዱላ ይቅደደው ሕክምናው ብዙም አይለያይበትም። የፎረንሲክ ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች ቁጥር በጣም ትንሽ በመሆኑ፣ የአካል ጉዳት ማስረጃ የሚጽፈው በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ያለ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ነው። ስለዚህ «ላሰሬሽን» የሚለውን ቃል ብቻውን አይቶ በዱላ ነው ወይም በቢላ ነው የሚል ሰው፣ ተርጓሚም ሆነ ዳኛ፣ ማስረጃው ያልያዘውን ያነብበታል።

አዋላጅ ነርስ (ወልድያ)

ከፍርድ ቤቱ ጉዳይ ትንሽ ብወጣም ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በእኛ ክፍል ሁለቱ ቃላት ሳይደበላለቁ ሲሠራባቸው ስለኖሩ መጥቀስ ፈለግሁ። በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ራስ ሲወጣ ሰውነቷ በራሱ የተከፈተባትን እናት «ተቀደደች» እንላለን፤ እኛ በመቀስ ያሰፋንላትን «ተቆረጠች» እንላለን። ስፌቱ ተመሳሳይ ቢመስልም በካርዱ ላይ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ አይፈቀድም። መቀደዱንም በአራት ደረጃ እንከፍለዋለን፤ ቆዳ ብቻ ከሆነ አንደኛ፣ ጡንቻ ከነካ ሁለተኛ፣ የፊንጢጣ መቆጣጠሪያ ጡንቻ ከደረሰ ሦስተኛ፣ የፊንጢጣውን ውስጠኛ ሽፋን ካለፈ አራተኛ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋሉ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ብዙ ሰው ፊስቱላን «በወሊድ ጊዜ መቀደድ» ብሎ ሲያስረዳ እሰማለሁ። አዲስ አበባ የሚገኘው የፊስቱላ ሆስፒታል ከተመሠረተበት ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያክማቸው እናቶች አብዛኞቹ የተጎዱት በመቀደድ አይደለም። ፊስቱላ፣ ምጡ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የፊኛውንና የወሊድ መንገዱን አካባቢ ከአጥንት ጋር ስለሚጨፈልቀው፣ ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ከቀናት በኋላ ሲረግፍ የሚቀረው ቀዳዳ ነው። ባልየው «አዋላጇ ቀደደቻት» ብሎ የሚከስበት ጊዜ ስላለ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

የጤና ባለሙያ (ገጠር ቀበሌ)

መምህር «ነከሰ»ንና «ቦጨቀ»ን መለየታቸው ለእኛም ይረዳናል። ውሻ የቦጨቀው ቁስል ሰፊ ስለሚሆን ቤተሰብ ቶሎ እንዲሰፋ ይለምናል። በእብድ ውሻ በሽታ የሚጠረጠር ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ክትባት ነው፤ ስፌቱ የሚቻል ከሆነ ይዘገያል። «ትንሽ ቧጨረው እንጂ አልነከሰውም» ተብሎ ቤት የሚቀር ልጅም አለ፤ ደም ያወጣ ቡጭሪያም ክትባት ያስፈልገዋል።

ተርጓሚው (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተባለውን ሁሉ ይዤ የሚከተለውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ እባካችሁ አርሙልኝ።

«ከግራ ጆሮ በላይ ባለው የራስ ቆዳ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ዳርቻው ያልተስተካከለ፣ በዱላ ምት የደረሰ የፍንክት ቁስል ታይቷል።»

የፎረንሲክ ሐኪም

አማርኛው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይውጣለት። «ዳርቻው ያልተስተካከለ» የሚለው በእንግሊዝኛው ማስረጃ ላይ ከሌለ እርስዎ ሊጨምሩት አይችሉም፤ ቁስሉን አላዩትምና። «በዱላ ምት የደረሰ» የሚለውንም ያስወግዱት። ሐኪሙ ዱላውን አላየም። ዳርቻውንና ውስጡን አይቶ ከሆነ ሊናገር የሚችለው «ስለት በሌለው ጠንካራ ነገር ሊደርስ የሚችል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ዱላ ይሁን የተወረወረ ድንጋይ ወይስ ተጎጂው ራሱ ወድቆ የተጋጨበት ድንጋይ መሆኑን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው።

ጠበቃ (ባሕር ዳር)

«ፍንክት»ም ቢሆን ያው ችግር ያለበት ይመስለኛል። መምህር እንዳሉት ቃሉ መሣሪያውን ይዞ ነው የሚመጣ። እንግሊዝኛው ዝም ያለበትን አማርኛው እንዲናገር ካደረግነው «የተቆረጠ» ከሚለው ስሕተት በተቃራኒው በኩል ልንወድቅ ነው።

የአማርኛ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ጠበቃው ልክ ናቸው፤ ቃሉን ብወደውም እቀበላለሁ። ማስረጃው የቁስሉን ጠባይ ዘርዝሮ ከጻፈና ያ ዝርዝር ዶክተር ከገለጹት ጋር ከገጠመ፣ «ፍንክት» በራስ ላይ፣ «የተቀደደ ቁስል» በሌላው አካል ላይ ይጻፍ። ዝርዝር ከሌለው ግን «ቆዳው የተከፈተ ቁስል» ማለት ይሻላል፤ እንዴት እንደተከፈተ አይናገርም። ሐኪሙ የተጠቀመበት ቃልም በፊደላችን «ላሰሬሽን» ተብሎ ከጎኑ ይቀመጥ፤ ዳኛው ጥያቄ ካለው ሐኪሙን የሚጠራበት ምክንያት ያገኛል።

ተርጓሚው (አዲስ አበባ)

እንግዲያውስ እንዲህ ይሆናል፦ «ከግራ ጆሮ በላይ ባለው የራስ ቆዳ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ቆዳው የተከፈተ ቁስል (ላሰሬሽን) ታይቷል።» አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ዶክተር «ያልተበጠሱ ቀጫጭን ክሮች» ያሏቸው በማስረጃ ላይ ተጽፈው ቢመጡ በምን ስም ልጥራቸው?

የፎረንሲክ ሐኪም

ስም አያስፈልጋቸውም። «ከቁስሉ ሥር ከዳር እስከ ዳር የተሻገሩ፣ ያልተበጠሱ የሥጋና የደም ሥር ክሮች ይታያሉ» ብለው ይጻፉት። እነዚህ ተጽፈው ከመጡልዎ፣ የመምህርን «ፍንክት» ያለ ሥጋት ይጠቀሙበት።